ፋብሪካ ውስጥ ከላይ የሚወድቅ ዕቃ ሰው እንዳይጎዳ እንዴት መከላከል ይቻላል?

ከ10 ሜትር ከፍታ ያመለጠ መፍቻ መሬት ለመድረስ 1.4 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ተጠንቀቅ!» ብሎ መጮህ አያደርስም። ስለዚህ ሄልሜት ከማደል በፊት ዕቃው እንዳይወድቅ ማድረግ ይቀድማል።

1. ቀና ብለው ይመልከቱ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወለሉን እየዞሩ ከሰው ራስ በላይ ያለውን ይፈትሹ። የላላ ብሎን፣ ከጥገና በኋላ የተረሳ ብረት፣ ከጠርዝ የወጣ ካርቶን ይፈልጉ። ማሽን ሲሠራ ሁሉም ነገር ይርገበገባል። ትናንት መሃል የነበረ ዕቃ ዛሬ ጠርዝ ላይ ሊገኝ ይችላል።

2. መጋዘኑን ያስተካክሉ። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። የተሰበረ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ርብራብ) ያስወግዱ። ፎርክሊፍት (ጭነት ማንሻ ተሽከርካሪ) ገጭቶ ያጣመመውን የመደርደሪያ እግር በፍጹም አይለፉት። «ትንሽ ነው» ይባላል፤ ግን የላይኛውን ሸክም የተሸከመው እሱ ነው። ጭነቱን አውርደው እስኪጠገን ባዶ ያድርጉት።

3. ከፍታ ላይ መሣሪያ ይታሰር። ቀላሉ ከሠራተኛው ቀበቶ ጋር፣ ከባዱ ግን ከጠንካራ መዋቅር ጋር። ከባድ ዕቃ ሲያመልጥ ሰውየውንም ይዞት ሊወርድ ይችላል። ብሎንና ሚስማር በሚዘጋ ቦርሳ ይያዝ። ዕቃ ተንሸራቶ እንዳይወድቅ በስካፎልዲንጉ (ከፍታ ላይ ለመሥራት በሚቆመው መወጣጫ) ጠርዝ ዙሪያ ጣውላ ይመታ።

4. ከሥር ያለውን ቦታ ይዝጉ። ሪባን ብቻውን ሰው አያስቆምም፤ ጠባቂ ያቁሙ። ክሬን ባንጠለጠለው ጭነት ሥር ማንም፣ አለቃም ቢሆን፣ አይለፍ።

5. ሄልሜት ይደረግ። አንዴ የተመታ ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ይቀየር።

6. ለጥቂት የሳቱትንም ይመዝግቡ። ዕቃ ወድቆ ማንንም ካልነካ «እግዜር ነው ያተረፈን» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ያሳስበኛል። ያው ዕቃ ነገ ሰው ሊመታ ይችላል። ያሳወቀውን ሠራተኛ አይቆጡት፤ ከተቆጡት ሌላ ጊዜ ማንም አይነግርዎትም።

አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ ሌላ የሚወድቅ ነገር አለመኖሩን ያረጋግጡ። ራሱን ወይም አንገቱን የተመታን ሰው ያለበት ቦታ አደገኛ ካልሆነ በቀር አያንቀሳቅሱት። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕክምናው ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው መሥራት ካልቻለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል።