ጊዜንና ቦታን ከግቢ ሳይወጡ እንዴት እንመርምር?

ስለ ጊዜና ስለ ቦታ መፈላሰፍ የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከካንት ይጀምርና ከአሥረኛው ገጽ ሳያልፍ መጽሐፉን ይከድነዋል። የእኔ ምክር መጽሐፉን አቆይቶ መጀመሪያ የራስን ልምድ መመርመር ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ጥቂት ጠጠር፣ ደብተርና ፀሐይ የማይከለልበት የግቢ ጥግ ብቻ ነው።

ዘንጉን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ግንበኞች እንደሚያደርጉት በቱንቢ አስተካክለው ይትከሉት። በየሩብ ሰዓቱ የጥላው ጫፍ ባረፈበት ቦታ ጠጠር እያስቀመጡ ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን በየ5 ደቂቃው ያድርጉት። ጥላው አጥሮ አጥሮ ተመልሶ መርዘም የሚጀምርበት ቅጽበት እውነተኛው እኩለ ቀን ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው የእጅ ሰዓትዎ ልክ 6 ሲል አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ከተማዋ ያለችው ግን 38.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነና ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለማለፍ 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ እኩለ ቀኑ በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6 ሰዓት ከ10 ይጠጋል፣ በየካቲት መግቢያ ደግሞ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ይገፋል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክረው በቅድሚያ የጠረጠርኩት ሰዓቴን ነበር፤ ቀጥሎም ዘንጉን ነቅዬ እንደገና ተከልኩት።

ጠጠሮቹን ሳያነሱ አንድ ጥያቄ ይጻፉ፦ «አሁን» የሚባለው የማን ነው? በዚያው ዕለት ጅጅጋ ላይ ፀሐይ ከአዲስ አበባ ቀድማ እኩለ ሰማይ ትደርሳለች፤ ጋምቤላ ላይ ደግሞ ከጅጅጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይታ፤ ሰዓታቸው ግን አንድ ነው። አንደኛው «አሁን» የቆሙበት መሬት የሚሰጥዎ ሲሆን ሁለተኛው አብሮ ለመኖር የተስማማንበት ነው። ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ጠዋቱን ሙሉ ያዩት የጠጠር ሰልፍ እንጂ ጊዜን ራሱን አይደለም።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሄንሪ በርግሰን የሚሞግተው እዚህ ላይ ነው፦ ጊዜን በቦታ ላይ ዘርግተን እንለካውና የምንኖረውን ጊዜ የለካን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ሥራ ውኃ ውስጥ የተጨመረ ስኳር እስኪሟሟ የሚጠብቅን ሰው ምሳሌ ያደርጋል። እኛ ጀበና አለን። ጀበናውን ከሰል ላይ ጥደው ሰዓትና ስልክ ሌላ ክፍል ውስጥ ይተዉ። በሸክላው ሆድ ላይ የቀረው እርጥበት ሲደርቅ፣ ከአንገቱ ቀጭን እንፋሎት ሲወጣ፣ በመጨረሻም አረፋው እያመነታ ሲነሣ ብቻዎን ይመልከቱ፤ ሲፈላ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ገምተው ከጻፉ በኋላ ሰዓቱን ይዩ። በማግሥቱ ያንኑ ከወዳጅ ጋር እየተጨዋወቱ ይድገሙት። በመጀመሪያው ቀን «አልሄድ አለ» ያሉት ጊዜ በሁለተኛው ቀን ሲነጉድ ያገኙታል። ከዚህ ተነሥተው ጊዜ በሐሳብ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ነው ብለው ለመደምደም ግን አይቸኩሉ፤ ቡናው ራሱ ለሁለቱም ቀን በተቀራራቢ ደቂቃ ነውና የፈላው።

ሦስተኛው ልምምድ አጭር ነው። በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ በቃሉ የሚያውቀውን መዝሙር ሲደግም ራሱን ይታዘባል፤ ከመጀመሩ በፊት ሙሉው መዝሙር በተስፋ ውስጥ ነው፣ እየደገመ ሲሄድ ወደ ትውስታ ይሻገራል። ዳዊት በቃል የሚደግም አንባቢ ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል፤ ሌላው የሚያውቀውን ግጥም ወስዶ እኩሌታው ላይ ያቁምና የቀረው ስንኝ የት እንዳለ ይጠይቅ።

የሚቀረው የገዛ ቋንቋን መመርመር ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። «በፊት» ስንል ያለፈውን፣ «ወደፊት» ስንል የሚመጣውን እንናገራለን፤ ሁለቱም ግን ከአንድ «ፊት» የወጡ ናቸው። በአንደኛው ሁነቶች እንደ ተሰለፉ ሰዎች ይቆማሉ፣ ፊት ያለውም ቀድሞ ያለፈው ነው፤ በሁለተኛው ተጓዡ እኛ ነን። «ከነገ ወዲያ»ም «ከትናንት ወዲያ»ም እንላለን፤ «ወዲያ» ግን ከወንዝ ማዶ ላለውም የምንጠቀምበት የቦታ ቃል ነው። «የሁለት ሰዓት መንገድ» ሲሆን ደግሞ በተራው ርቀቱ በጊዜ ይለካል። እንዲህ ያሉ አሥር አነጋገሮች ለቅመው በእያንዳንዱ አጠገብ የሚንቀሳቀሰው ጊዜው ይሁን ሰውየው ይጻፉ።

ካንትን የሚከፍቱት ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 ያቀረበው ሐሳብ፣ ማለትም ቦታና ጊዜ ነገሮችን የምናይባቸው የራሳችን የማስተዋል መልኮች ናቸው የሚለው፣ አሁን የሚከራከሩበት ደብተር ስላለዎት ባዕድ አይሆንብዎትም።

ዘንጉን ለመትከል ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ወራት ይመረጣል። በሐምሌ ደመናው አልፎ አልፎ ቢገለጥልዎ ግን የቀትሩ ጥላ በበጋ ከለመዱት ተገልብጦ ወደ ደቡብ ሲያመለክት ያገኙታል፤ የበጋዎቹን ጠጠሮች ካላነሷቸው ከዘንጉ በሌላው ወገን ይቀራሉ።