ከሮቶው ጀምሩ፦ ጥናት ማንበብ ለሚፈልግ የድሬና የሐረር ሰው

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። «እስቲ አንድ ርዕስ ስጠን» ይሉኛል፣ ድሬም ሐረርም የሚማሩ ልጆች። ጎበዞች ናቸው። ግን ሁሉም የሚጀምሩት ከትምህርት ክፍላቸው ስም ነው። «ባዮሎጂ ነኝ፣ ምን ልሥራ?» «ፕላንት ሳይንስ ነኝ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» «ፍልስፍና እወዳለሁ፣ ግን እሱ ላይ ምን ይጠናል?» አቦ፣ በዚህ በር ከገባችሁ መውጫው ይጠፋችኋል። ሳይንሱም ግብርናውም ፍልስፍናውም ቴክኖሎጂውም ማለቂያ የሌለው ጥናት አለው፤ የዘርፉን ስም ብቻ ይዞ የገባ ሰው ያገኘውን ፒዲኤፍ እያወረደ ስልኩን ይሞላል እንጂ የሚጨበጥ ነገር አያገኝም።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። በየቀኑ የምታዩትን፣ በእጃችሁ የምትነኩትን አንድ ነገር ምረጡ። ያንን ይዛችሁ የየዘርፉን በር አንኳኩ። በየበሩ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ እዚህ ያሉ ሰዎች ስለዚህ ነገር ምን ብለው ጠየቁ? መልሱንስ በምን አወቁ? ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል። ዘርፎች የሚለያዩት እሱ ላይ ነውና።

እንግዲህ ውሃ እንውሰድ። ድሬ ላይ ሮቶ የሌለበት ግቢ ስንት ነው? ሮቶ ባይኖር በርሜል፣ በርሜል ባይኖር ጀሪካን አለ። ውሃ በመጣ ቀን ሁሉም ይሞላል፣ ይከደናል ወይም ሳይከደን ይቀራል። ከዚህ የቀለለ መነሻ የለም።

የሳይንሱን በር ስታንኳኩ የወባ ትንኝ ትጠብቃችኋለች። እ.ኤ.አ. በ2022 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከጥር እስከ ግንቦት ድሬዳዋ ላይ ከ2400 በላይ ሰው በወባ ተያዘ። በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 205 ነበር። ወቅቱ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ወባ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅበት አይደለም። ተጠርጣሪዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ነበረች። መነሻዋ ደቡብ እስያ አካባቢ ነው፤ እኛ አገር መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። የለመድናት የወባ ትንኝ ኩሬና ረግረግ ትፈልጋለች። ይቺኛዋ ግን የናንተ ሮቶ ይበቃታል። ለዚህ ነው ከተማ የገባችው፣ ለዚህ ነው በጋ የማይበግራት።

ስለዚህ ወረርሽኝ የተሠራው ጥናት በ2023 ታትሟል። ስታነቡት ቁጥሩ ላይ አትቁሙ፤ እንዴት እንዳነጻጸሩ ፈልጉ። ተመራማሪዎቹ ወባ የተገኘበትን ሰው ቤተሰብና ጎረቤት መረመሩ። ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም አይነግረንም፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ ትንኝ የሌለበት ቤት የት አለ? ስለዚህ ትኩሳት ኖሮት ሐኪም ቤት የመጣ፣ ሲመረመር ግን ወባ ያልተገኘበትን ሰው ቤተሰብና ጎረቤትም በተመሳሳይ መንገድ አዩ። ልዩነቱ የታየው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። በዚያ ላይ የተያዙት ትንኞች ውስጥ የወባ ተውሳክ መኖሩን አጣሩ። የሳይንስ ጥናት ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንን ይሁን፦ ከምን ጋር አነጻጸሩት? ማነጻጸሪያ ከሌለው ውጤቱን ገና እንዳልተረጋገጠ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ሐረር የሚሄድ ሚኒባስ ያዙ። ደንገጎን ጨርሳችሁ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል በመስኮት እዩ። ማሽላ አለ፣ በመካከሉ ጫት በረድፍ ተተክሏል። ጥቂት ስትሄዱ ሐረማያ ናችሁ። ዩኒቨርሲቲው የተጀመረው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሆኖ፣ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ1973 የተመረቁት ከዚሁ ግቢ ነው። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በማሽላ ነው፤ በተለይ ድርቅንና አቀንጭራ የምትባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋም ማሽላ።

አቀንጭራን ቀረብ ብላችሁ እዩዋት፣ ጊዜ ስጧት። አበባዋ ሮዝማ ነው፣ ያምራል። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አንዷ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊተኛ ይችላል። ዝናብ ብቻውን አይቀሰቅሰውም። የሚነቃው አጠገቡ የማሽላ ሥር አድጎ ከሥሩ የሚወጣው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ያኔ ይበቅልና ሥሩ ላይ ተጣብቆ መጥባት ይጀምራል። ገበሬው አረሙን ከአፈር በላይ ሲያየው ማሽላው ከሥር ተበልቷል። ነቅሎ ቢጥለውም ዘግይቷል።

እዚህ ላይ ነው የዘርፎች መገናኘት ያለው ጥቅም ፍንትው ብሎ የሚታየው። ለዓመታት የዝርያ አዳቃዮች ማሳ ላይ እያዩ ነበር የሚመርጡት፤ ይህ ተጠቃ፣ ይህ አልተጠቃም እያሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ግን ላሪ በትለር ከሚባል የባዮኬሚስትሪ ሰው ጋር ሆነው ጥያቄውን ለወጡት። ሥሩ የሚለቀው መልእክት ምንድን ነው? መልእክቱን በጣም ጥቂት ብቻ የሚለቅ ማሽላ ብናገኝስ? እንዲህ ያለ ማሽላ አቀንጭራን ከእንቅልፏ አይቀሰቅስም። ይህንን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል። የማሳው ሰው ብቻውን ቢሆን ኬሚካሉን አያየውም፣ የላብራቶሪው ሰው ብቻውን ቢሆን ማሳው ላይ አይደርስም።

የግብርና ጥናት ስታነቡ ታዲያ ማነጻጸሪያው ብቻ አይበቃችሁም። ስንት ወቅት ተሞከረ? ስንት ቦታ? አንድ ዓመት አንድ ቦታ የተሞከረ ዝርያ ያንን ዓመት ዝናብ ነው የሚነግራችሁ። የተዘራው ምርምር ጣቢያ ውስጥ ነው ወይስ ገበሬው ራሱ በያዘው ማሳ ላይ? ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ የተለካው ምንድን ነው? ሐረርጌ ውስጥ ማሽላ ማለት ፍሬው ብቻ አይደለም። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥርም ይሆናል። ፍሬው ብዙ ሆኖ ቁመቱ ያጠረ ዝርያ ወረቀት ላይ አሸናፊ ይሆናል፣ ገበሬው ግን ላይቀበለው ይችላል። ሰንጠረዡ ላይ የአገዳ ምርት የሚል ዓምድ ካጣችሁ፣ አንድ የጥናት ጥያቄ አገኛችሁ ማለት ነው።

ሐረማያ ላይ ሐይቁም አለ። ሐረር ለብዙ ዓመታት ውሃዋን የምታገኘው ከዚያ ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሐይቁ ደረቀ። መስኖ፣ ከተራራው የሚወርድ ደለል፣ ትነት፣ የከተማ ፍጆታ አንድ ላይ ተረባርበውበት ነው። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሷል። ስለዚህ የሃይድሮሎጂ (የውሃ ጥናት) ሰው ምን ያህል ውሃ ገባ፣ ምን ያህል ወጣ ብሎ ያሰላል። ጥሩ። ግን ከስሌቱ በኋላ አንድ ጥያቄ ይተርፋል፦ ጎመንና ጫት ለሚያጠጣው ገበሬና ጁገል ውስጥ ጀሪካን ይዛ ለምትጠብቀው እናት ውሃው እንዴት ቢከፈል ነው ፍትሕ የሚሆነው? ይህንን የትኛውም ቆጣሪ አይለካውም። የፍልስፍናው በር ይሄ ነው።

ፍልስፍና ውስጥ ናሙና የለም፣ ስለዚህ ጥናት አይባልም የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። መለኪያው ሌላ ስለሆነ ነው። ቃሉን ፈልጉ፦ ጸሐፊው «ፍትሕ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ገጽ 3 ላይና ገጽ 20 ላይ አንድ ነገር ማለቱ ነው? ቀጥሎ የተቃዋሚውን ሐሳብ እንዴት እንዳቀረበው እዩ፤ ደካማውን መርጦ ከመታ አትመኑት። ከዚያ መሻገሪያውን ፈልጉ። «ውሃው ለመስኖ ዋለ» ከሚል ተነስቶ «መዋል አልነበረበትም» ወደሚል ሲሄድ በመካከል የሆነ መርህ መኖር አለበት። ጸሐፊው ያንን መርህ በግልጽ ካልጻፈው፣ እናንተ ጻፉለትና ትስማሙ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

የራሳችን የፍልስፍና ጥናትም ቢሆን ከማስረጃ የራቀ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጻፈ የሚባለውን የፍልስፍና ጽሑፍ፣ የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ታውቁታላችሁ። ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ተነስቶ ጽሑፉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሐበሻ ሥራ ሳይሆን የአንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚስዮናዊ ነው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክላውድ ሳምነር ደግሞ ይህንን ተቃውመው ለዓመታት ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ሁለቱንም ወገን ብታነቡ የግእዝ ቃላት አመራረጥ፣ የብራናው ታሪክ፣ የሚስዮናዊው ደብዳቤ ሁሉ እንደ ማስረጃ ሲቆጠር ታያላችሁ። ላብራቶሪ የለውም እንጂ ጥንቃቄው ያው ነው።

የሳይንስንና የፍልስፍናን ድንበር ማየት የፈለገ ደግሞ ድሬ አጠገብ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያስብ። ከዋሻው 40 ኪሎ የሚጠጋ ቀይ የአፈር ድንጋይ ተገኝቷል፤ ዕድሜው በአስር ሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ነው። እንዴት እንደተፈጨ ከጭረቱ ይታወቃል። ለምን እንደተፈጨ ግን ጭረቱ ብቻውን አይናገርም።

ቴክኖሎጂው ላይ የማየው ስህተት አንድ ነው፣ ግን ሁሉም ጋ አለ። ሰው ፐርሰንቱን አይቶ ይማረካል። ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2016 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ኮምፒውተር የቅጠል ፎቶ አይቶ የተክል በሽታ እንዲለይ አሠለጠነ። ከ54 ሺህ በላይ ፎቶ፣ 14 ዓይነት ሰብል። ትክክለኛነቱ 99.35 በመቶ! እዚህ ላይ ማንበብ ያቆመ ሰው በማግስቱ «የቡና በሽታ የሚለይ አፕ» ብሎ ፕሮፖዛል ይጽፋል። ያላቆመ ግን ቀጥሎ ያለውን ያገኛል፦ ያው ሥርዓት በሌላ ሁኔታ የተነሱ ፎቶዎች ሲሰጡት ወደ 31 በመቶ ወረደ። የሠለጠነባቸው ቅጠሎች ተቆርጠው፣ አንድ ወጥ ጀርባ ላይ ተቀምጠው የተነሱ ነበሩ። ማሳ ላይ ግን ጥላ አለ፣ አቧራ አለ፣ ሌላ ቅጠል ይጋርዳል። የሰብሎቹን ዝርዝር ብታዩ ደግሞ ማሽላም ቡናም የለበትም። ተመራማሪዎቹ ይህንን አልደበቁም፣ በግልጽ ጽፈውታል። የሸሸገው አንባቢው ነው፣ ባለማንበቡ። እንግዲህ ቴክኖሎጂ ላይ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ከተሠራበት ክፍል ውጪ ተሞክሯል? መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ፣ የድሬ ሙቀት ላይ ምን ይሆናል?

ስለ አነባበቡ ባጭሩ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ አትሂዱ። አብስትራክቱን አንብቡ፣ ከዚያ ሰንጠረዦቹንና ሥዕሎቹን ብቻ እዩና ውጤቱን ራሳችሁ ገምቱ። ቀጥሎ ዘዴው ወዳለበት ክፍል ሂዱ። መደምደሚያው የመጨረሻ ይሁን፣ ጸሐፊው ሳያሳምናችሁ በፊት የራሳችሁን ሐሳብ እንድትይዙ። ለእያንዳንዱ ጥናት በደብተር ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ የተጠየቀው፣ የታወቀበት መንገድ፣ ያልተመለሰው። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ጻፉት፤ በእንግሊዝኛ ከገለበጣችሁት ሳይገባችሁ የገባችሁ ይመስላችኋል።

ጽሑፎቹን ጉግል ስኮላር ላይ ታገኛላችሁ። ከርዕሱ ጎን ፒዲኤፍ የሚል ካለ በነፃ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጆርናሎች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማኅደር፣ የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይንም በነፃ የሚከፈት ብዙ አላቸው። ክፍያ ከጠየቃችሁ ለጸሐፊው ኢሜይል ጻፉ፤ ብዙዎቹ ሥራቸው ሲነበብ ደስ ስለሚላቸው ይልኩላችኋል። ኢሜይሉ ሁለት መስመር ይሁን፣ ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደፈለጋችሁት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንድ ጓደኛዬ የመመረቂያ ሥራው በሦስት ቀን ይታተምልሃል የሚል መልእክት ደርሶት፣ ለፍቶ ያጠራቀመውን ብር ከፈለ። እውነትም በሦስት ቀን ታተመ። ማንም አልገመገመው፣ ማንም አላረመው፤ በኋላ ሥራ ሲያመለክት አልተቆጠረለትም። ጥሩ ጥናት ነበር፣ ያሳዝናል። ገምጋሚ አንብቦ፣ ጠይቆ፣ መልሶ እስኪልክ ወራት ይፈጃል። በቀናት የሚያልቅ ከሆነ ራቁት።

ለመጀመር ቅዳሜ ጠዋት ይበቃችኋል። የግቢያችሁን ሮቶ ወይም በርሜል ክዳን አንሱ። ውሃው ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ቀጫጭን እጮች ካሉ በነጭ ሣህን ቅዱና ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። እስኪረጋጉ ጠብቁ። ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው፣ በጭራቸው ቱቦ ከውሃው ገጽ ላይ ከተንጠለጠሉ ወባ አስተላላፊዎቹ አይደሉም። ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው ጋደም ካሉ ግን የአኖፊለስ ወገን ናቸው። ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ ዕቃው ክዳን እንደነበረው ጻፉ። ክዳን ያለውን የጎረቤት ሮቶም ጠይቃችሁ እዩና ከጎኑ ጻፉት። አኖፊለስ ካገኛችሁ ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሯት። ሣህኑን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት፣ ክዳኑንም አጥብቃችሁ ግጠሙት።