ዳታቤዙ አዲስ መዝገብ አልቀበል ሲል፦ ላይሰንስ ከመግዛት በፊት

ችግር፦ የሽያጭ መመዝገቢያው በኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ (በማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም ነፃ እትም) ላይ በሚሠራ የአዳማ ጅምላ አከፋፋይ ወይም ሆቴል ውስጥ፣ ለዓመታት ያለ እንከን ያገለገለው ፕሮግራም በድንገት አዲስ ደረሰኝ አልመዘግብም ይላል፤ የቆየውን መረጃ ግን እንደ ወትሮው ያሳያል። በሰርቨሩ የስህተት መዝገብ ላይ 1105 ወይም 1827 የሚል ቁጥር ይገኛል።

ምክንያት፦ 1105 የዲስኩን መሙላት ብቻ ሊያመለክት ስለሚችል በቅድሚያ የዲስኩ ባዶ ቦታ ይታይ። 1827 ከሆነ ግን የእትሙ ገደብ ተደርሷል ማለት ነው፤ ከ2012 እስከ 2022 ያሉት የኤክስፕረስ እትሞች (የእትሞቹ ስም በፈረንጆች ዓመት ነው) አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ እንዲያድግ አይፈቅዱም። ገደቡ የመረጃ ፋይሉን እንጂ የሎግ ፋይሉን (የለውጦች መዝገቡን) ስለማይቆጥር፣ ሎጉን ማሳነስ ፋይዳ የለውም።

መፍትሄ፦ ሻጮች በዚህ ጊዜ የሚከፈልበትን ስታንዳርድ እትም ማቅረብ ይቀናቸዋል። ሆኖም በኅዳር 2018 ዓ.ም. የወጣው የ2025 ኤክስፕረስ ገደቡን ወደ 50 ጊጋባይት ከፍ ያደረገ ሲሆን አሁንም ነፃ ነው። የፕሮግራሙ አቅራቢ አዲሱን እትም እንደሚደግፍ በጽሑፍ ካረጋገጠ በኋላ ባክአፑን (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ መሞከር ይገባል። በአዲሱ እትም የተወሰደ ባክአፕ ወደ አሮጌው ስለማይመለስ፣ የቀድሞው ሰርቨር ሥራው እስኪረጋጋ ድረስ አይነካ።

ችግር፦ ቦታ አለ፤ ነገር ግን አንድ ሰው የወር ሪፖርት ሲያወጣ የሌሎቹ ሥራ ይቆማል።

ምክንያት፦ ኤክስፕረስ ለመረጃ ማቆያ የሚጠቀመው 1,410 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ስለሆነ፣ በሰርቨሩ ላይ ሜሞሪ መጨመር ብቻውን ለውጥ አያመጣም። የ2025 እትምም ይህን አላሻሻለም። ኢንዴክስ (መረጃን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) የሌለው ሠንጠረዥም ይህንኑ ምልክት ያሳያል፤ ስለዚህ ክፍያ ከመታሰቡ በፊት ኢንዴክሶቹ ይፈተሹ።

መፍትሄ፦ ኢንዴክሱ ተስተካክሎም ችግሩ ከቀጠለ ስታንዳርድ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው በየትኛው የአከፋፈል ስሌት የሚለው ይሆናል። በ2022 እትም የዋጋ ዝርዝር መሠረት የሰርቨሩ ላይሰንስ 989 ዶላር፣ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ደግሞ 230 ዶላር ነው። በኮር (በፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች ብዛት) ሲሰላ 2 ኮር 3,945 ዶላር ሆኖ ቢያንስ 4 ኮር መግዛት ግዴታ ስለሆነ 7,890 ዶላር ይደርሳል። 30 ተጠቃሚዎች ያሉት ድርጅት በመጀመሪያው ስሌት 7,889 ዶላር ይከፍላል፤ በ4 ኮር ሰርቨር ላይ ከዚህ በታች በተጠቃሚ፣ ከዚህ በላይ በኮር መግዛት ይረክሳል። በፈረቃ በአንድ ኮምፒውተር ለሚሠሩ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች ላይሰንሱን በሰው ሳይሆን በኮምፒውተር መግዛት ይሻላል። በዌብ ገጽ በኩል የሚገቡ ሠራተኞችም እንደ ተጠቃሚ እንደሚቆጠሩ ብዙዎች ይዘነጉታል። የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን የብሩ ስሌት በግዢው ሰሞን እንደገና ይሠራ።

ችግር፦ ባክአፕ በራሱ ጊዜ አይወሰድም።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ኤክስፕረስ ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስጀምረው ኤጀንት የለውም። የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ይህን ስለሚሸፍን ለዚህ ብቻ ተብሎ ላይሰንስ አይገዛም።