የአዎ/አይ መረጃን በነጥብ አትሳሉት

መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ የሆነ መረጃ በክላስተር (መልሳቸው በሚመሳሰል ሰዎች ቡድን) ከከፈላችሁ በኋላ በነጥብ ግራፍ ለማሳየት አትድከሙ። ሁለት ጥያቄ ወስዳችሁ ብትስሉ፣ ሺህ ሰው ቢኖርም ነጥቦቹ አራት ቦታ ላይ ተደራርበው ቁጭ ይላሉ።

ይልቅ ሰንጠረዡን ራሱን ቀለም ቀቡት። ሰው በረድፍ፣ ጥያቄ በዓምድ፤ 1 (አዎ) ጥቁር፣ 0 (አይ) ነጭ። ዋናው ዘዴ አደራደሩ ላይ ነው፦ ረድፎቹን በክላስተራቸው ደርድሩ፤ ዓምዶቹንም አብረው አዎ የሚባሉት ጎን ለጎን እንዲሆኑ አስጠጉ። ያኔ ቡድኖቹ እንደ ጥቁር አራት ማዕዘን ፍጥጥ ብለው ይታያሉ። ክፍፍሉ የማይረባ ከሆነም አይደበቅም፤ ጣቢያ የጠፋበት ቴሌቪዥን የመሰለ ነጠብጣብ ነው የምታዩት።

ረድፉ ብዙ ሺህ ከሆነ ግን ስዕሉ ግራጫ ይሆንባችኋል። ያኔ በየቡድኑ አዎ ያሉትን በመቶኛ አስልታችሁ እሱን ቀቡ። የቡድኑንም ብዛት ከጎኑ ጻፉ፤ 4 ሰው ባለበት ቡድን 75% ማለት 3 ሰው ነው።