በደሴና በኮምቦልቻ መንገዶች ላይ የአስፋልት ድብልቅ ሲመረጥና ሲነጠፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ ከ600 ሜትር የማያንስ ከፍታ ይወጣል። ከታች ሞቅ ያለ ሜዳ፣ መሐል ላይ አቀበትና ሹል ኩርባ፣ ከላይ ደግሞ ጉምና ብርድ የማይለየው ከተማ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ዓይነት ድብልቅ ለመሸፈን መሞከር ቀጥሎ ከሚነሱት ስህተቶች የብዙዎቹ ምንጭ ነው።

የመጀመሪያው አስፋልትን እንደ አንድ ጥቁር ንጣፍ ብቻ መቁጠር ነው። በተፈጥሮ አፈሩ ላይ ገረጋንቲ ሰብቤዝ (የታችኛው መሠረት) ሆኖ ይለብሳል፤ በእሱ ላይ የተፈጨ ድንጋይ ቤዝኮርስ (የላይኛው መሠረት) ይመጣል፤ የሬንጅ ድብልቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ድብልቁም ራሱ ከባድ ተሽከርካሪ በሚበዛበት መንገድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ንጣፍ አለው፤ ከሥር ያለው ባይንደር ኮርስ ትልልቅ ጠጠር ይዞ ሸክሙን ወደ ታች ያከፋፍላል፣ ጎማ የሚነካው ዌሪንግ ኮርስ ደግሞ ጠጠሩ ደቀቅ ያለ፣ ውሃ የማያሳልፍና ጎማ የማያንሸራትት መሆን አለበት። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ለታችኛው የተዘጋጀውን ድብልቅ ለላይኛውም ማዋል ያልተለመደ አይደለም። ሆኖም የንጣፉ ውፍረት በድብልቁ ውስጥ ካለው ትልቅ ጠጠር ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ ሻካራ ድብልቅ ከሆነም አራት እጥፍ መሆን ስላለበት፣ የ19 ሚሊ ሜትር ጠጠር ያለበት ድብልቅ በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲነጠፍ ጠጠሩ መዞሪያ አጥቶ በሮለሩ ሥር ይሰበራል፤ ውሃ የሚገባበት ክፍተትም ይተዋል።

ከሁሉ የከፋው፣ በእኔ አመለካከት፣ ሬንጅ በበዛ ቁጥር መንገዱ ይጠነክራል የሚለው እምነት ነው። በተለመደው ሙቅ ድብልቅ ውስጥ የሬንጁ መጠን ከጠቅላላው ክብደት ከ4.5 እስከ 6 በመቶ ባለው ውስጥ ይወሰናል፤ ትክክለኛውን ነጥብ የሚያሳየው ደግሞ የድብልቁን ናሙና በመዶሻ ጠቅጥቆ ጥንካሬውን የሚለካው የላቦራቶሪ ፍተሻ፣ የማርሻል ሙከራ ነው። ለከባድ ትራፊክ ናሙናው በየጎኑ 75 ጊዜ ይመታል፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ይፈተሻል፣ የአየር ክፍተቱ 4 በመቶ አካባቢ እንዲሆንም ይፈለጋል። ክፍተቱ ከ3 በመቶ በታች ከወረደ ሬንጁ በሙቀት ሲያብጥ የሚገባበት ስለማያገኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠጠሩም እርስ በርሱ ተደጋግፎ መቆሙን ትቶ በሬንጅ ውስጥ መንሸራተት ይጀምራል። በአቀበት ላይ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም የሬንጅ ድብልቅ ፈጥኖ የሚያልፍን ሸክም ይቋቋማል እንጂ ተጭኖበት ለሚዘገይ ሸክም ይለዝባል። ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ በመጀመሪያ ማርሽ እየተጎተተ በሚወጣበት በኩል የጎማ ቦይ ሠርቶ፣ በቦዩ ዳርና ዳር አስፋልቱ እንደ አፈር ድልድል ከፍ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሬንጅ መጨመር ሳይሆን የጠጠሩን አጽም ማጠንከር ነው። ክብ ክብ ከሆነው የወንዝ አሸዋ ይልቅ ከካባ ድንጋይ የተፈጨ፣ ጠርዝ ያለው ደቃቅ መጠቀም፣ እንዲሁም ከ80/100 ይልቅ ጠንከር ያለውን 60/70 ሬንጅ መምረጥ ይገባል (ቁጥሩ መርፌ ሬንጁ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ያሳያል፤ ባነሰ ቁጥር ሬንጁ ጠንካራ ነው)። በጀርመን በ1960ዎቹ የተጀመረው ስቶን ማስቲክ አስፋልት የተባለው የድብልቅ ዓይነት ከ6 እስከ 7 በመቶ ሬንጅ ቢይዝም የተባለውን አያፈርስም፤ ትልልቁ ጠጠር ተነካክቶ ሸክሙን ስለሚሸከም፣ ትርፉን ሬንጅም በውስጡ የሚጨመረው ቃጫ መሰል ጭረት ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ውድ በመሆኑ ለመንገዱ በሙሉ ባይመከርም ለአቀበቱ መስመር ብቻ ቢታሰብ ዋጋውን ያወጣል።

ደብል ሰርፌስ ትሪትመንትን እንደ ጥንካሬ ምንጭ መቁጠርም ሌላው ስህተት ነው። ሬንጅ ተረጭቶ ጠጠር የሚበተንበት ይህ ሥራ ውሃ ይከላከላል፣ አቧራ ያስቀራል፤ ሸክም ግን አይሸከምም። ቤዝኮርሱ ደካማ ከሆነ እሱም አብሮ ይሰምጣል።

ፕራይም ኮትና ታክ ኮት የሚምታቱባቸው ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ፕራይም የተፈጨ ድንጋይ ላይ ተረጭቶ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ቀጭን ሬንጅ ሲሆን፣ እስኪደርቅ መጠበቅ የግድ ነው። ታክ ደግሞ በነባር አስፋልት ወይም በባይንደሩ ላይ እንደ ሙጫ በስሱ የሚረጭ ነው። አቧራው ሳይጠረግ ታክ የተረጨበት ቦታ ላይ ኮር (ለፍተሻ ተሰርስሮ የሚወጣ ክብ ናሙና) ሲወጣ ሁለቱ ንጣፎች በእጅ ይላቀቃሉ፤ በመሐላቸውም ቡናማ ዱቄት ይታያል። በቁልቁለት ኩርባ ላይ፣ ፍሬን በሚያዝበት ቦታ፣ የዚህ ምልክቱ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ስንጥቅ ነው።

የሙቀት ጉዳይ በዚህ አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ድብልቁ ከማምረቻው የሚወጣው በ150 እና በ165 ዲግሪ መካከል ሲሆን፣ ሮለሩ ዋናውን ሥራ ከ100 ዲግሪ በላይ ሳለ መጨረስ አለበት። ማምረቻው ኮምቦልቻ፣ ሥራው ደሴ ከሆነ ገልባጩ አቀበቱን በዝግታ ሲወጣ ከላይና ከጎን ያለው ድብልቅ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሸራ ማልበስ፣ ቴርሞሜትሩንም ላዩ ላይ ሳይሆን ወደ መሐሉ ሰክቶ ማንበብ ያስፈልጋል። መንገዱ ይረዝማል ብሎ ከልክ በላይ ማሞቅ ግን ሬንጁን ያቃጥለዋል፤ ከገልባጩ ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ የታየ ጭነት መመለስ አለበት። ጉሙ ሳይገለጥ፣ መሬቱ ሳይደርቅ ማንጠፍም እንዲሁ አይገባም።

በመጨረሻም ኮልድ ሚክስን እንደ ዘላቂ ጥገና መውሰድ አለ። ሳይሞቅ የሚነጠፈው ይህ ድብልቅ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ መካከል አደገኛ ጉድጓድን ለመድፈን ይጠቅማል። ሆኖም ውሃ በተኛበት ጉድጓድ ላይ በአካፋ ተጥሎ በመኪና ጎማ ከተደቀደቀ ብዙ ሳይቆይ ይበተናል። ጉድጓዱ ዙሪያውን አራት ማዕዘን ሆኖ መቆረጥ፣ በውስጡ የላላው ቁስ መውጣት፣ ውሃው መቀዳት፣ ጠርዙ ሬንጅ መቀባት፣ ሙሌቱም በስስ ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ከመንገዱ ጥቂት ከፍ ብሎ መጨረስ አለበት። ዝናቡ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ያ ጥገና ተነቅሎ በሙቅ ድብልቅ እንዲተካ ገንዘቡና ኃላፊነቱ ገና ከጅምሩ በውሉ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።