እድሩ ድንኳን ከመትከሉ በፊት

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። በየወሩ ደብተሬን ይዤ ደረጃ እየወጣሁ መዋጮ እሰበስባለሁ። ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ እናውቅበታለን፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ሰው መኖር ሲያቅተው ግን ምን እንደምናደርግ አናውቅም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ «ደክሞኛል» ሲለኝ «ማን ያልደከመው አለ?» ብዬው አለፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ድንኳኑን ተከልንለት። በልብ ድካም ነው ተባለ፤ እውነቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያ መልሴ ዛሬም ያመኛል።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል። እናንተ እንደ እኔ እንዳታልፉ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ምልክቱ ሁልጊዜ ለቅሶ አይደለም። አምና ከመሀል ከተማ ተነስቶ እኛ ሕንፃ የገባና ሥራ ያጣ አንድ ወጣት የዓመቱን መዋጮ በአንድ ጊዜ ቆጥሮ ሰጠኝ። አመስግኜው ልወጣ ስል የሱቁን ዱቤ ሁሉ እንደዘጋ፣ ጥሩ ጫማውንም ለጎረቤት ልጅ እንደሰጠ ትዝ አለኝ። ፊቱ ደግሞ ከሳምንታት ትካዜ በኋላ በድንገት ረግቶ ነበር። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ ማብዛት፣ «ሸክም ሆኜባችኋለሁ» ማለትም ምልክቶች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን ንብረቱንና ዕዳውን ለስንብት የሚያሰናዳውን ሰው አስተውሉ።

ቤቴ ጠርቼው ቡና አፈላሁ። ቡና ጊዜ ይሰጣል። በአቦሉ ስለ ውኃ መጥፋት አወራን፤ በቶናው ዝም አለ። ያን ጊዜ «ልጄ፣ ራስህን ለማጥፋት እያሰብህ ነው?» አልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብዙ ሰው መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ ይዘራበታል ብሎ ይፈራል፤ አይዘራም። ለታፈነው ሰው መተንፈሻ ይከፍትለታል እንጂ። ሆኖም ቃሉን ሳትሸሹ ጠይቁ። «መቼም እንዲህ ያለ ነገር አታስብም፣ አይደል?» ብትሉት «የለም» እንዲላችሁ ለመናችሁት ማለት ነው።

እሱ «አዎ፣ እትዬ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማዳመጥ ነው። «እግዚአብሔርን አትፈራም?» አትበሉ፤ ፈርቶ ነው እስከዚያ ቀን የቆየው። «ከአንተ የባሰ አለ» አትበሉ። ለእናቱ ሲል መኖር እንዳለበትም አትምከሩት፤ እናቱን ከእሱ በላይ የሚያስብላት የለም። እኔ «እንዲህ ብቻህን መሸከምህን አላወቅሁም» ብቻ አልኩት። በረካው እስኪቀዳ አለቀሰ።

ቀጥሎ እንዴትና መቼ እንዳሰበ ጠይቁ። ቆርጦ ከሆነ ብቻውን አታሳድሩት፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውንም ነገር ከቤት አርቁ። ምስጢሩን ለማንም ላለመናገር አትማሉ። ሌሊት አደጋ ቢመጣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ደግሞ 939 ነው። እኛ ፍራሽ አንጥፈን አብረነው አደርን።

ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ከዚያ መርካቶ አካባቢ ወዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ላኩን። መንገዱ ከእኛ ሰፈር ረጅም ነው፤ ስለዚህ «ሂድ» አትበሉት፣ አብራችሁ ሂዱ። እዚያ የታዘዘለት መድኃኒት እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፤ «አልጠቀመኝም» ብሎ ሊተወው የሚቃጣው በዚያ መሀል ነው። ጠበል ልጠመቅ ሲል አልከለከልነውም፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ግን በፈቃዱ ለንስሐ አባቱ ነገርን።

ራስን ማጥፋት የመከላከል የዓለም ቀን ጳጉሜን 5 ላይ ይውላል፤ ለእኛ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ የሚገዛበት የበዓል ዋዜማ ነው። በዚያ ሰሞን ብቻውን የሚሆን ሰው ካለ በሩን አንኳኩ።

ያን ወጣት በፈቃዱ ነው ያነሣሁት። ከሆስፒታል በተመለስን ማግስት የአንዱን ወር አስቀርቼ የአሥራ አንዱን ወር መዋጮ መለስኩለት። «በየወሩ በእጅህ ታመጣልኛለህ» አልኩት። የዚህን ወር ትናንት አምጥቷል።