ልጆች ይዛችሁ ከሬንጀር ጋር ስትወጡ የማይደረጉ ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች ሬንጀሮች፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂዎች፣ እና በጎ ፈቃደኞች ለቤተሰብ የሚመሯቸው የእግር ጉዞዎች አሉ። እኔም በበጎ ፈቃድ ልጆችን ይዤ እወጣለሁ። የአገሬ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ በጣም ደስ ይለኛል። ያው ስህተት በየወቅቱ ሲደገም ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ርቀቱን አጣሩ። ሜሪላንድ ያለው ካልቨርት ክሊፍስ ፓርክ ድንጋይ የሆነ የጥንት ሻርክ ጥርስ ሊለቅም የሚመጣ ቤተሰብ ከመኪናው ሲወርድ ባሕሩን የሚያገኘው ይመስለዋል። መኪና ከሚቆምበት እስከ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ድረስ በጫካ ውስጥ 1.8 ማይል፣ ማለትም ወደ 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ መመለሻውም ያው ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሲመለስ አባቱ ትከሻ ላይ ነው። ውኃና የሚቀመስ ነገር ያዙ። ጥርሶቹ የሚወጡት ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካለው ገደል ስለሆነ ልጆች ወደ ገደሉ ሥር መጠጋት ይፈልጋሉ። ገደሉ ይናዳል! ከሥሩ መሄድም መቆፈርም ክልክል ነው። ውኃው አሸዋው ላይ የተወውን መልቀም ይበቃል።

ሬንጀሯ ልጁን «ይህ የምን ዱካ ነው?» ስትለው እናት አትመልስ። ይሳሳት፤ ግምቱ የራሱ ይሁን።

ለዳክዬና ለአጋዘን ዳቦ አይሰጥም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ የስልክ መብራት። ጉጉት ለመስማት በምሽት ስንወጣ የሰው ዓይን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ያን ሁሉ ጊዜ ልጆቹን በትዕግሥት እናስለምዳለን፤ ዛፎቹ ይለዩላቸዋል፣ መንገዱ ይታያቸዋል፣ ፍርሃቱም ይቀልላቸዋል። ከዚያ አንድ አባት ሰዓት ለማየት ስልኩን ያወጣል፤ በዙሪያው የቆመው ሁሉ ዓይኑ ይጠፋበታል፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። አንድ ምሽት አስጎብኚው የጉጉት ድምፅ አስመስሎ ሲጠራ ባርድ አውል የምትባለው ጉጉት መልሳ ከራሳችን በላይ ቅርንጫፍ ላይ መጥታ አረፈች። የጉጉት ክንፍ ድምፅ የለውም፤ መምጣቷን ያወቅነው ጥላዋን አይተን ነው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ። አንድ ሰው ቪዲዮ ሊቀርጽ መብራቱን ከፈተ፤ ሄደች። «የት አለች?» እያለች ቀና ብላ የቀረችው ትንሽ ልጅ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ቪዲዮውም ጥቁር ነበር። እባካችሁ ስልኩን መኪና ውስጥ ተዉት። መብራት የግድ ከሆነ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍኑት፤ ቀይ ብርሃን ጨለማ የለመደን ዓይን ያን ያህል አይጎዳም። ደግሞ ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ሲባል ሰምተን ያደግን ብዙዎች ነን፤ ያን ወሬ ጫካው አፍ ላይ ቆማችሁ ለልጅ አትንገሩት።

አያቶችን ሥጋ ከሚጠበስበት ጠረጴዛ አጠገብ ትቶ መሄድም አይገባኝም። «እንግሊዝኛውን አይሰሙትም» ይባላል። አንዴ አብረውን የመጡ እናት ጎንበስ ብለው የአጋዘን በጠጥ አዩና «ይሄ የዛሬ ጠዋት ነው፤ ያኛው ከርሟል» አሉ። በልጅነታቸው ፍየል ጠብቀዋል። የልጅ ልጃቸው አስተረጎመች፣ ሬንጀሩ ተጨማሪ ጠየቃቸው፣ ልጆቹም እሳቸውን ከበው ቀሩ። ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ ይምጡልን።

ቅጠል ሲነኩት ስላልለበለበ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሳማን እናውቀዋለን፣ ወዲያው ይናገራል። ፖይዝን አይቪ የሚባለው መርዛማ ሐረግ ግን ሲነኩት ዝም ይላል፤ ሽፍታውና ማሳከኩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፣ የመካከለኛው ቅጠል እጀታ ይረዝማል፣ ዛፍ ላይ የወጣው ሐረግ ጠጉራም ነው። የነካው ልጅ ቶሎ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ።

መዥገርን የከብት ነገር ብቻ አድርጎ መናቅ ከባድ ስህተት ነው። እዚህ አገር የአጋዘን መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች፤ ገና ያላደገችው ደግሞ የጤፍ ፍሬ የምታህል ስለሆነች በቀላሉ አትታይም። ነጠላ ጫማና ቁምጣ ይቅር፤ ነጣ ያለ ረጅም ሱሪ አልብሱና ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ቤት በገባችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ልጆቹን አጥቡ፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ከጉልበት ኋላ ፈትሹ። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ካለች በየመስመሩ መካከል በጣት ዳስሱ፤ እዚያ መደበቅ ትወዳለች። የተጣበቀችውን በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቫዝሊን መቀባት፣ በክብሪት መለብለብ አይረዳም። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ከታየ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የት ፓርክ፣ መቼ እንደነበራችሁም ንገሩት።